የቆመ ውሃ በ7 ቀን ምን ይሆናል? በሳምንት 30 ደቂቃ ቤትዎንና ግቢዎን የመጠበቅ ጉዳይ



እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከቤታችሁ ጀርባ ሄዳችሁ ግቢውን በደንብ ያያችሁት መቼ ነው? የፊቱን በር ማለቴ አይደለም፣ እሱንማ እንግዳ ስለሚመጣ በየቀኑ እንጠርገዋለን። እኔ የምለው የሮቶው ሥር፣ ከኩሽናው ጀርባ የተጣለው አሮጌ ጎማ፣ ቅጠል የሞላው አሸንዳ፣ ክዳኑ የጠፋው በርሜል፣ ግንባታ ሲያልቅ የቀረው የሲሚንቶ ማቡኪያ ጉድጓድ ነው።

ዛሬ ስለ ቤትና ግቢ እንክብካቤ እናወራለን። "ዶክተር፣ ይሄ ደግሞ የጤና ርዕስ ነው እንዴ?" የሚል አይጠፋም። አዎ ነው፣ በተለይ ለእኛ በሶዶ፣ በአረካ፣ በቦዲቲ፣ በቢጠናና በአካባቢው ለምንኖር። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ።

👉 በኦፋ የሆነው

እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም (በእኛ ከ2010 መጨረሻ እስከ 2011 መጀመሪያ) በወላይታ ዞን ኦፋ ወረዳ ቢጫ ወባ ተከሰተ። በወቅቱ በወጣው ሪፖርት 35 ሰዎች በበሽታው የተጠረጠሩ ሲሆን ከእነሱ ውስጥ 10 ሰዎች ሞተዋል። ከ35 ሰው 10! ከዚያ በኋላ የክትባት ዘመቻ ተካሄደ።

ነገሩ አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ወንዝ ተፋሰስና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሳው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ከባዱ ተብሎ ይጠቀሳል። ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱበት ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በጉራጌ ዞን እነሞርና ኤነር ወረዳ ተከስቷል።

ልብ በሉ፣ እነዚህ አካባቢዎች ብዙዎቹ እንሰት የሚበቅልባቸው ናቸው። ይህ ደግሞ ዝም ብሎ መገጣጠም አይደለም። በቆይታ እመለስበታለሁ።

"ቢጫ ወባ" ስለሚባል ብዙ ሰው የወባ ዓይነት ይመስለዋል። አይደለም። ወባ የሚመጣው በጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን መድኃኒትም አለው። ቢጫ ወባ ግን የቫይረስ በሽታ ነው። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለውም፣ መከላከያው ክትባት ነው። የሚያስተላልፉት ትንኞችም ይለያያሉ። የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር ሁለቱም ትንኞች ለመራባት የቆመ ውሃ መፈለጋቸው ነው። ውሃውን የምናስቀምጥላቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ እኛው ነን።

👉 ወባም ወደ ከተማ እየገባ ነው

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞችና 1,157 ሞት ተመዝግቧል።

ድሮ ወባ የቆላ በሽታ ነበር። ብላቴ፣ ሁምቦ፣ አባያ ዳር ሲባል ወባ ይታወሰናል። ከተማ ያለው ሰው ደግሞ "እኛ ጋ ረግረግ የለም" ብሎ ይጽናናል። አሁን ግን አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከደቡብ እስያ የመጣች የወባ ትንኝ አለች። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆና ተገኝታለች። ይቺ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። ሮቶ፣ በርሜል፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። ማለትም የከተማ ትንኝ ናት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም እናጠራቅማለን፣ እሷም የምትፈልገው ያንን ነው።

👉 ለምን በየሳምንቱ?

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው፣ በደንብ ያዙልኝ።

ትንኝ እንቁላሏን ውሃ ላይ ወይም ከውሃው ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ትጥላለች። እንቁላሉ ተፈልፍሎ እጭ ይሆናል (ብዙዎቻችን "ትል" የምንለው፣ ውሃ ውስጥ እየተገለባበጠ የሚዋኘው)። እጩ አድጎ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። በሞቃት አየር ይህ ሁሉ ከ7 እስከ 10 ቀን አካባቢ ብቻ ይፈጃል።

ስለዚህ በየ7 ቀኑ ውሃውን ከደፋችሁ እጩ ክንፍ ሳያወጣ ይሞታል። በወር አንዴ ከደፋችሁ ግን በመሃል ብዙ ትንኝ ወጥቶ በሯል፣ ልጆቻችሁንም ነክሷል። ልዩነቱ ይሄው ነው። ትልቅ ዘመቻ በዓመት አንዴ ከማድረግ ትንሽ ሥራ በየሳምንቱ መሥራት የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ለጊፋታ ቤቱም ግቢውም እንዴት እንደሚጸዳ ሁላችንም እናውቃለን። ሳሩ ይታጨዳል፣ ግድግዳው ያምራል፣ ዕቃው ይታጠባል። ግሩም ባህል ነው! ጊዜውም ልክ ነው። ምክንያቱም ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ በአገራችን ወባ በብዛት የሚሰራጭበት ነው። ችግሩ በዓሉ ሲያልፍ ግቢው መረሳቱ ነው። ትንኝ ግን ከጥቅምት እስከ ኅዳር ሥራ ላይ ናት፣ በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ትመለሳለች። የጊፋታን ጽዳት ቀንሳችሁ፣ በሳምንት 30 ደቂቃ አድርጋችሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ቀጥሉበት ነው የምለው።

👉 የሳምንቱ 30 ደቂቃ፦ ምን ይሠራል?

ቅዳሜ ወይም እሁድ ጠዋት አንድ ቀን ምረጡ። ከዚያ በቅደም ተከተል፦

1. ዙሩ። ስልካችሁን ይዛችሁ ግቢውን አንድ ዙር ዙሩ። የስልኩን መብራት አብርታችሁ ሮቶ፣ በርሜልና ባልዲ ውስጥ ተመልከቱ። እጭ ካለ ጥላና እንቅስቃሴ ሲሰማው እየተገለባበጠ ወደ ታች ይወርዳል። ትንሽ ቆም ብላችሁ ጠብቁ፣ ለመተንፈስ ተመልሶ ይወጣል። ልጆች ይሄን ሥራ በጣም ይወዱታል። "ትል ፈልጉ" ብትሏቸው ከእናንተ ቀድመው ነው የሚያገኙት።

2. ድፉ፣ ፈትጉ። የሚደፋውን ሁሉ ድፉ፤ የአበባ መትከያ ሥር ያለ ሰሃን፣ የዶሮና የውሻ ውሃ ዕቃ፣ ባልዲ፣ ጣሳ፣ የሃይላንድ ላስቲክ። መድፋት ብቻ ግን አይበቃም። ቢጫ ወባና ደንጊ የምታስተላልፈው ኤዲስ የተባለችው ትንኝ እንቁላሏን ከዕቃው ግድግዳ ጋር ታጣብቀዋለች። እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ ዕቃውን በብሩሽ ወይም በሻካራ ነገር ውስጡን ፈትጋችሁ እጠቡት።

3. ክደኑ። የማይደፋውን ክደኑ። የሮቶው ክዳን ከተሰበረ በወፍራም ላስቲክ ወይም በጥቅጥቅ ወንፊት ሽፍን አድርጋችሁ በገመድ እሰሩት። የትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦውን አትርሱ፣ ትንኝ በዚያ ነው የምትገባው፣ እዚያም ወንፊት እሰሩበት። ጀሪካን ክዳኑ ይዘጋ።

4. አፍስሱ። ቅጠል የዘጋውን አሸንዳ ክፈቱ። ከቧንቧው ሥር ውሃ የሚያቁር ከሆነ ትንሽ ቦይ ቅደዱለት ወይም በጠጠር ሙሉት። አሮጌ ጎማ ካለ አስወግዱ። የማትጥሉት ከሆነ ጣሪያ ሥር አስገቡ፣ ወይም ውሃ እንዳይዝ ብሱት።

5. ቆሻሻውን ለዩ። ጣሳና ላስቲክ ዝናብ ሲመታው እያንዳንዱ ትንሽ ኩሬ ይሆናል። በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስባችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ስጡ።

በቃ። 30 ደቂቃ አይሞላም፣ የመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ረዘም ይላል።

👉 "እንሰቱን እንቁረጠው?"

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄን ነው። በእኛ አካባቢ ቢጫ ወባን ከሚያስተላልፉት ትንኞች አንዷ ኤዲስ ሲምፕሶኒ በሚባለው ቡድን ውስጥ ያለችው ናት። የምትራባው በእንሰት (ኡታ)፣ በጎደሬ (ቦይና) እና በሙዝ ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀም ውሃ ነው። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ አይደል? ዝናብ ሲዘንብ እዚያ ትንሽ ውሃ ይቀራል። ለእሷ ያ በቂ ነው።

ታዲያ እንሰቱን እንቁረጠው? በፍጹም! እንሰት የቤተሰቡ ጎተራ ነው። ድርቅ ሲመጣ ሰውን ያቆየ ተክል ነው። አንድ በሽታ እንከላከላለን ብለን ረሃብ አንጠራም። የየቅጠሉን ብብት እያዞሩ ማድረቅም አይቻልም። ኬሚካል ገዝታችሁ እንዳትረጩበት ደግሞ አደራ፣ ምግብ ነው።

ማድረግ የሚቻለው ይሄ ነው፦

✅ የደረቁ አሮጌ ቅጠሎችን እየገፈፋችሁ ጓሮው አየርና ብርሃን እንዲያገኝ አድርጉ።
✅ አዲስ የምትተክሉ ከሆነ ከመኝታ ቤት መስኮት ትንሽ ራቅ አድርጉት።
✅ ኤዲስ የምትነክሰው ቀን ነው፣ በተለይ ማለዳና ከመምሸቱ በፊት። በዚያ ሰዓት ጓሮ ስትሠሩ ረጅም እጅጌና ሱሪ ልበሱ። አጎበር ለሌሊት ነው የሚያገለግለው፣ ከዚህች ትንኝ ግን ቀን ቀን አያድናችሁም። ቀን ላይ የሚተኛ ሕፃን ካለ ግን አጎበር ሥር አስተኙት።
✅ ከሁሉ በላይ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ዘመቻ ሲመጣ አትቅሩ። አንድ ጊዜ መከተብ ለዕድሜ ልክ ይበቃል። እንሰቱም ይኑር፣ እኛም እንኑር የሚያሰኘው ክትባቱ ነው።

👉 ግድግዳ ከመቀባታችሁ በፊት

በቆላማ ወረዳዎች የወባ ኬሚካል ርጭት ይካሄዳል። ኬሚካሉ የሚሠራው ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ሲቆይ ነው። ትንኟ ደም መጥጣ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ይገድላታል። ታዲያ ቤቱ በተረጨ በሳምንቱ "በዓል ደረሰ" ተብሎ ግድግዳው ከተለሰነ ወይም ከተቀባ ኬሚካሉ ከልስኑ ሥር ተቀበረ ማለት ነው። ልፋቱ ሁሉ ከንቱ! ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ርጭቱ መቼ እንደሆነ ጠይቋት። ልስኑንና ቀለሙን ከርጭቱ በፊት ጨርሱ። ቆላ ያሉ ወላጆችና ዘመዶች ካሏችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ይሄን ንገሯቸው።

👉 ባዶ እግር ግቢ አትሥሩ

በወላይታ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት (ብዙ ሰው "ዝሆኔ" የሚለውን) ያመጣል። ከአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳ ገብተው የሊምፍ ቱቦዎችን ይጎዳሉ። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት በወላይታ ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው በዚህ ሕመም ተይዞ ተገኝቷል። መከላከያው ቀላል ነው። ጓሮ ስትገቡ ጫማ፣ ቢቻል ቦት አድርጉ። ስትጨርሱ እግራችሁን በውሃና በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። የቤቱ ወለል አፈር ከሆነ መሸፈን ወይም ሲሚንቶ ማድረግ ራሱ ሕክምና ነው። ልጆችም በቤት ውስጥ ሳይቀር ጫማ ይልመዱ።

👉 ስትሠሩ አትጎዱ

⚠️ በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በር ከፍታችሁ፣ አንዱን ብቻ ተጠቀሙ።

⚠️ የመሬት ውሃ ታንከር፣ ጉድጓድ ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ለማጽዳት ብላችሁ አትግቡ። ውስጡ አየር ላይኖረው ይችላል፣ መርዛማ ጋዝም ሊኖር ይችላል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሊያወጣው ዘሎ ይገባና ሁለቱም የሚሞቱበት አደጋ በብዙ ቦታ ደጋግሞ ይደርሳል። ሰው ከወደቀ ዘላችሁ አትግቡ፣ እርዳታ ጥሩ።

⚠️ አቮካዶና ማንጎ ዛፍ ላይ በዝናብ ማግስት አትውጡ፣ ቅርንጫፉ ያንሸራትታል። የመብራት ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ካለ ራሳችሁ አትቁረጡት፣ ለመብራት ኃይል አሳውቁ።

⚠️ ምስማር ወይም ቆርቆሮ ከወጋችሁ ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ቡና፣ አፈር፣ ቅጠል አትነስንሱበት። የቲታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) ክትባት ስለሚያስፈልጋችሁ በዕለቱ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

👉 "ግቢው የማን ነው?"

እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቻችን የምንኖረው በኪራይ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አራት አምስት ቤተሰብ አለ። ሮቶው የአከራዩ፣ በርሜሉ የአንዷ ተከራይ፣ ጎማው ደግሞ ጥሎት የሄደ ሰው ነው። ሁሉም "የእኔ አይደለም" ይላል። ትንኟ ግን ውል አታነብም። ከእማማ እገሌ በርሜል ወጥታ የእናንተን ልጅ ትነክሳለች።

ለዚህ መፍትሔው ተራ ማውጣት ነው። የግቢው ሰው ቡና ላይ ተሰብስቦ "ይሄ ቅዳሜ የእገሌ፣ የሚቀጥለው የእገሊት" ብሎ ይስማማ። አከራዮችም፣ የሮቶ ክዳን የሚገዛበት ገንዘብ አንድ ሰው ታምሞ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ተከራይ ካሳሰባችሁ "ተናገረኝ" ብላችሁ አትቀየሙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሥራ በአብዛኛው እናቶችና የቤት ሠራተኞች ላይ ይወድቃል። አባቶችና ወንድሞች፣ ሳምንታዊውን 30 ደቂቃ እናንተ ውሰዱት። ሮቶ ላይ መውጣት፣ አሸንዳ መጥረግ፣ ጎማ ማንሳት ለናንተ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

👉 ትኩሳት ከመጣስ?

ይህን ሁሉ አድርገንም ልንታመም እንችላለን። ስለዚህ፦

✅ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ከጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ። "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትቆዩ። ነፍሰ ጡርና ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ከሆነ ሰዓትም አይባክን።
✅ ያለ ምርመራ የወባ መድኃኒት ገዝታችሁ አትዋጡ። ከባለፈው የተረፈውንም እንዳትሰጡ።
✅ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ለትኩሳት አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አትውሰዱ። ነገሩ ደንጊ ወይም ቢጫ ወባ ከሆነ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል።
✅ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ደም ከፈሰሰ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት ከመጣ፣ ሕፃኑ መጥባት ካቆመ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል!
✅ ቢጫ ወባ አንዳንዴ "ተሻለኝ" ካሉ በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ ተመልሶ ይበረታል። እንዲህ ከበረታባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። ትኩሳቱ ተመልሶ ከመጣ አትዘናጉ። በሰፈራችሁ ብዙ ሰው በተመሳሳይ ምልክት ከታመመም ለጤና ኬላ ወዲያው ንገሩ። የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ቶሎ ከታወቁ ክትባቱም ቶሎ ይደርሳል።

"ሳይቃጠል በቅጠል" ይባላል። የኦፋው ዓይነት ወሬ እንደገና እስክንሰማ አንጠብቅ። ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁት ቤት ከሆነ ስልኩን አስቀምጡና፣ አይ ስልኩንስ መብራቱን አብርታችሁ ያዙት፣ ወጥታችሁ ሮቶው ውስጥ ተመልከቱ። ትል ካገኛችሁ ዛሬ ነው የሚደፋው፣ ነገ አይደለም።

ያያችሁትን በኮሜንት ጻፉልኝ፣ ጥያቄ ካለም ጠይቁ፣ እመልሳለሁ። ግቢ ለምትጋሯቸው ጎረቤቶች፣ ለአከራያችሁና ገጠር ላሉ ቤተሰቦቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።

መልካም ጤና ለሁላችን!